ጆሮ የሚጫወተው ጨዋታ

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። በሰባት ወሯ ተወልዳ፣ አዋላጇ በአንድ መዳፏ ይዛ ስታሳየው «ይህቺማ ጠብታ እንጂ ልጅ አይደለችም!» አለ፤ በዚያው ጸና። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በር ስትገባ ጎንበስ ማለት እስኪቃጣት ድረስ ረዝማለች፤ ስሟ ግን ጠብታ ነው። የምትሠራው የቪዲዮ ጌም በሚያመርት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ሠዓሊው የሣለው ሰው እንዲራመድ፣ በሩ ሲገፋ እንዲከፈት፣ ጥይቱ ሲተኮስ ሄዶ እንዲመታ የምታደርገው እሷ ናት።

ጥይት ደግሞ በዚያ ቤት ሞልቶ ተርፎ ነበር። ስድስት ሆነው ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ዳቦ እየሸተታቸው፣ ሦስት ጌም ሠርተዋል። ሦስቱም ተኩስ ነው። ሠዓሊው ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ዝንብ እንኳ በመስኮት ሸኝቶ የሚያስወጣ ሰው ሲሆን፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ዓይነት የደም ፍንጣሪ ሥሏል።

«እኔ እኮ መርፌ ሳይ ራሴን የምስት ሰው ነኝ» ይል ነበር። «እጄ ብቻ ነው ወንጀለኛ ሆኖ የቀረው።»

ሦስተኛው ጌም በወጣ በወሩ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰበሰባቸው። ስድሳውን የተሻገረ ሰው ነው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሉት። ወደዚህ ሥራ ከመምጣቱ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ የጨዋታ ማሽኖች የተደረደሩበት አዳራሽ ነበረው፤ ሰው ሲጫወት ፊቱ ምን እንደሚመስል እንደ እሱ ያየ የለም።

«እንግዲህ ሦስተኛውንም ውሃ በላው» አለ። «ሰዉ ‹ከሌላው በምን ይለያል?› ይላል። እውነቱን ነው። አራት ወር አለን፤ አራተኛውም እንደዚሁ ከሆነ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክበን ወደየቤታችን ነው። ሐሳብ ያለው ይናገር።»

ከታች የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ ማሽን ይንገጫገጫል።

«ጋሼ፣ ውሃ ካሉ አይቀር» አለች ጠብታ፣ «እኔ አንድ የውሃ ጌም አስቤያለሁ።»

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በውሃ መሥሪያ ቤት አዳማጭ ነበር። ከመሬት ሥር የተቀበረ ቧንቧ ሲቀደድ ውሃው የት እንደሚፈስ ከላይ አይታይም። አዳማጩ ረጅም የብረት ዘንግ ይዞ፣ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማል። የሚያመልጥ ውሃ ድምፅ አለው፤ ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ሊፈላ እንደተቃረበ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፤ ትልቅ ሲሆን ሆዱን እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ጠብታ ይህንን ነበር ወደ ጌም ልትለውጠው ያሰበችው። ከተማ አለ፤ ውሃው ከመሬት ሥር እየፈሰሰ ያልቃል፤ ተጫዋቹ እየዞረ አድምጦ ቀዳዳውን ማግኘት አለበት።

ጋሼ አዳመጣትና «ጠላቱ ማን ነው?» አላት።

«ጠላት የለም። ቀዳዳ ነው ያለው።»

«ማን ይሞታል?»

«ማንም።»

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ። ሊከራከር ሲል እንዲህ ያደርጋል። «ስሚ ልጄ፣ ሰው ጌም ፊት የሚቀመጠው ልቡ እንዲመታለት ነው። ልብ የሚያስመታ ደግሞ ሞት ነው። ወይ ትገድያለሽ፣ ወይ ትሞቻለሽ። ይህንን እኔ አልፈጠርኩትም።»

«ልብ የሚመታው በሞት ብቻ ከሆነ» አለች፣ «ፈተና ስንቀመጥ ለምን ይመታል? የምንወደው ሰው በር ላይ ቆመን ስናንኳኳስ?»

«ያ ሕይወት ነው፤ ይሄ ጌም ነው።»

ሠዓሊው እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ እኔ በበኩሌ ከቀይ ሌላ ቀለም ናፍቆኛል። ሰማያዊን የት እንዳስቀመጥኩት ራሱ ረስቻለሁ።»

ሳቅ ሆነ። ጋሼም ሳቁን መደበቅ አቃተው። «ሁለት ወር» አለ። «ሁለት ወር እሰጥሻለሁ። ካልያዘ ግን በኔ መንገድ ነው።»

ሁለቱ ወር እንደ ሁለት ቀን ሮጠ። ጠብታ ከአባቷ ጋር እየዞረች የቧንቧ ድምፅ ቀዳች። ሠዓሊው ቁልቁለትና ዳገት ያለባት፣ በጭጋግ የተሸፈነች ከተማ ሣለ። የከተማዋ የውሃ ጋን ላይ አንድ ዘበኛ አስቀመጡ፤ ውሃው በቀነሰ ቁጥር «ግማሽ ቀረ!» «ሩብ ቀረ!» እያለ ይጣራል። ሲጨርሱ ጠብታ ደስታዋ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ፈታኞች እንዲመጡ ተጠሩ።

አሥራ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ልብስ ሰፊ፣ የባንክ ጸሐፊ፣ ተማሪዎች፣ አንድ የታክሲ ሹፌርም ነበረበት። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። በስድስተኛው ደቂቃ የባንክ ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች። በአሥረኛው ሁለት ተማሪዎች ተነሡ። በሃያኛው ደቂቃ የታክሲ ሹፌሩ አፉን ከፍቶ፣ ማዳመጫውን እንዳደረገ፣ ማንኮራፋት ጀመረ።

ሲቀሰቅሱት «ይቅርታ» አላቸው፤ «ድምፁ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! እንደዚህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዓመቴ ነው።» ለማመስገን ነበር። ጠብታ ግን አንጀቷ ቁርጥ አለ።

ጋሼ አልሳቀባትም። አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ጥሩ ሠርተሻል» አለ። «ግን ተኙ። ስለዚህ ቧንቧውን የሚቀድዱ ወንበዴዎች ይግቡበት፤ ተጫዋቹም ጠመንጃ ይያዝ። ቀዳዳውንም ይፈልግ፣ ቀዳጆቹንም ያባርር።»

ቃል ቃል ነውና ሠራችው። ሠዓሊውም እያጉረመረመ አርባ ሁለተኛውን ደም ሣለ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሎች ፈታኞች መጡ። እውነት ለመናገር፣ ማንም አልተኛም። ጮኹ፣ ተንጫጩ፣ ሁለቱ ተጎሻሸሙ። ጠብታ ግን ከኋላቸው ቆማ አንድ ነገር አየች፤ ከሁሉም አንድ ሰው እንኳ ዘንጉን መሬት ላይ አላስቀመጠም። በተኩሱ መሐል ማን ፉጨት ይሰማል? ወንበዴ እየገደሉ ያልፋሉ፤ ውሃው ቢፈስ ባይፈስ ጆሮ ዳባ ልበስ።

«ጠመንጃው ጆሯቸውን ቀማቸው፤ አዩ?» አለችው ጋሼን።

«አየሁ» አለ። «ግን ነቅተው ነበር። ያንቺኛው አስተኝቷቸዋል። አንቺም ይህንን እዪ።»

ጠብታን ያናደዳት ይኸው ነበር፤ ሰውየው ልክ ነው።

በእረፍት ቀኗ አባቷ ዘንድ ሄደች። ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ግን የጎረቤት ቧንቧ ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። የኩሽናውን ቧንቧ ፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አገኘችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ የታክሲ ሹፌሩ ማንኮራፋት ላይ ስትደርስ አባቷ በሳቅ ፈረሰ።

«ልክ ነዋ! ማዳመጥ ብቻውንማ ያስተኛል። እኔንስ ስንቴ ከዘንጌ ጋር ቆሜ አስተኝቶኛል!»

«ታዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ምን አነቃህ?»

አባቷ የያዘውን ጎማ አስቀመጠ። «በቃል አይነገርም። ነገ ጎህ ሲቀድ ተነሺ፤ የድሮ ጓደኞቼ ላይኛው ሰፈር ቀዳዳ ጠፍቶባቸዋል።»

በማግስቱ መንገዱ ገና መኪና ሳይበዛበት ደረሱ። ሁሉም «መጣልን!» ብለው አባቷን ከበቡት። ስምንት ቆፋሪዎች ዶማና አካፋቸውን ይዘው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አባቷ ግን ዘንጉን ከአለቃቸው ተቀብሎ ለልጁ ሰጣት።

«ዛሬ አዳማጯ እሷ ናት።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ስሚ ብቻ።»

ጠብታ ዘንጉን አስፋልቱ ላይ አቁማ ጆሮዋን አስጠጋች። ምንም የለም። ጥቂት ሄደች፤ ምንም። የአንዲት ሱቅ ደጃፍ ስትደርስ ፉጨቱ ጥርት ብሎ መጣ። ልቧ ዘለለ። «እዚህ ነው!» አለች።

ስምንቱ ሰዎች ተነሡ። ከበቧት። አንዱም አልተናገረም፤ ዓይን ዓይኗን ነው የሚያዩት።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤት፣ ቆፍሩ ካልሽን እንቆፍራለን። ግን አንዴ ከጀመርን አስፋልቱ ይፈርሳል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ የሱቁ በርም አይከፈትም። እርግጠኛ ነሽ?»

ጠብታ የዛን ጊዜ ነው መዳፏ ማላቡን ያወቀችው። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቃል። ከአንድ ደቂቃ በፊት እርግጠኛ ነበረች፤ አሁን ግን ፉጨቱን ሰምታ ይሁን ተመኝታ ማወቅ አቃታት። አባቷን አየችው፤ ሆነ ብሎ ወደ ሌላ ይመለከታል።

«ቆፍሩ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

አንድ ሰዓት ቆፈሩ። ቧንቧው ወጣ፤ ደረቅ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ምንም አልሆነም። ማንም አልተቆጣትም። ይባስ ብሎ አንዱ ቆፋሪ «አይዞሽ፣ ደረቅ ጉድጓድ ያላስቆፈረ አዳማጭ የለም» አላት። የሱቋ ባለቤት መጥታ ጉድጓዱንም ጠብታንም አየቻቸው፤ «በሬን የምትዘጉት ይህቺ ረጅም ልጅ መሬት ውስጥ ሙዚቃ ሰምታ ነው?» ስትል ሁሉም ሳቁ። ጠብታ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ያኔ አባቷ ቀረብ አለ። «ድምፅ በብረት ላይ ይጋልባል» አላት በሹክሹክታ። «በደንብ የሚሰማበት ሁሉ ቀዳዳው ያለበት አይደለም። ቁልቁል ሮጦ መታጠፊያው ላይ ይጮሃል። ሌባውን ሌላ ቦታ ፈልጊው።»

ዘንጉን እንደገና አነሣች። ከጮኸው ድምፅ ራቀች፤ ዳገቱን ወጣች፤ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ድምፁ ቀጠነ፣ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር መጣ፤ እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ፣ የሻከረ። ስምንቱ ሰዎች ተከትለዋት ወጥተዋል። ሁለተኛ ደረቅ ጉድጓድ?

«እዚህ» አለች።

ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ዶማው ጭቃ ነካ፤ ቀጥሎ አንድ ሰው «ቁሙ!» አለ፤ ከዚያ ውሃው ፈንድቶ ወጣና አለቃውን ከባርኔጣው እስከ ጫማው አጠበው። ስምንቱም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ባለሱቋም አጨበጨበች። ጠብታ ዘንጉን ከፍ አድርጋ፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ መሐል መንገድ ላይ እንደ ሕፃን ጨፈረች።

«አሁን ገባሽ?» አለ አባቷ፣ ፊቱ ላይ የተረጨውን ውሃ እየጠረገ።

«ገባኝ። ልብ የሚመታው ሲሰሙ አይደለም። ‹እዚህ ቆፍሩ› ሲሉ ነው።»

በቀጥታ ወደ ሥራ ነው የሄደችው፤ ጫማዋ ጭቃ እንደሆነ። ጠመንጃው ያለበትን ሳትነካ፣ የፊተኛውን ጌሟን ከፍታ መሥራት ጀመረች። ለተጫዋቹ ሦስት ጉድጓድ ብቻ ተሰጠው። ሦስቱም ደረቅ ከሆኑ ጋኑ ባዶ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ሆስፒታሉ ውሃ ያጣል። ከተጫዋቹ ኋላ ስምንት ቆፋሪዎች ይከተላሉ። «ቆፍሩ» ሊል ሲል ዝም ይላሉ፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ባለሱቆች በር ላይ ቆመው ያሽሟጥጣሉ። ውሃው ሲወጣ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ይጮሃል። ሠዓሊው የስምንቱን ፊት ሲሥል በሥራ ሰዓት ሲያፏጭ ተሰማ፤ ይህ ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

ያው የታክሲ ሹፌር ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። «ትራስ ላምጣ ወይ?» ብሎ እየቀለደ ተቀመጠ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቆሞ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ!» እያለ ማንም ባልተናገረበት ክፍል ይቆጣል። ውሃው ሲወጣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። በመጨረሻም ላቡን እየጠረገ ወደ መስኮቱ ሄዶ «ታክሲዬን የት ነበር ያቆምኩት?» አለ።

ጋሼ ይህንን ሁሉ በሩን ተደግፎ አይቷል። ግን ሃያ ዓመት ያመነበትን በአንድ የታክሲ ሹፌር የሚጥል ሰው አይደለም። «ሁለቱንም ወደ ዐውደ ርእዩ እንወስዳቸዋለን» አለ። «ሕዝብ ይፍረድ።»

ዐውደ ርእዩ በዓመት አንዴ የሚደረግ ነው፤ አንድ መቶ አርባ ሦስት ጌም ሠሪዎች በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ይዘው ሥራቸውን ያሳያሉ። መግቢያው ላይ ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንዲት ሰማያዊ ካርድ ይሰጠዋል፤ ከሁሉ የወደደው ጌም ጠረጴዛ ላይ ባለ ሳጥን ይጨምራታል።

ጋሼ ባለጠመንጃውን ትልቁ ስክሪን ላይ፣ ፊት ለፊት አስቀመጠው። የጠብታ ጌም ወደ መጸዳጃ ቤቱ በሚወስደው ኮሪደር አፍ ላይ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ደረሰው። ጎረቤታቸው ደግሞ የጦርነት ጌም ያመጣ ትልቅ ድርጅት ነበር፤ ቤት የሚያህል ስክሪን ተክሎ፣ ከካርቶን የተሠራ ታንክ አቁሞ፣ አስተናጋጆቹን የወታደር ልብስ አልብሶ፣ በየሁለት ደቂቃው ስክሪኑ ላይ ታንክ ይተኩሳል። በተተኮሰ ቁጥር የጠብታ ጠረጴዛ ላይ ያለው የውሃ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ በጠብታ ጠረጴዛ የቆሙት የመጸዳጃ ቤት ተራ የሚጠብቁ ብቻ ነበሩ። አባቷ ነጠላ ጫማውን በአዲስ ጫማ ለውጦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ይሄ የልጄ ነው» ይላል። እሷ ግን ሐሞቷ ፈስሷል።

ሁለት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲያልፉ ነው የተለወጠው። አንደኛዋ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ነጭ በትር ይዛለች። እህትማማቾች ናቸው። ዓይነ ሥውሯ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልከኛ ስትሆን፣ ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ መስመር ስታገናኝ ኖራለች።

«እህቴ ‹ጌም ትወጃለሽ› ብላ እየጎተተችኝ ነው» አለች ስልከኛዋ፣ ድምፅዋ እንደ ደወል የጠራ። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ እኔ የምጫወተው አለ ወይ ብዬ ሠላሳ ጠረጴዛ ጠየቅሁ። ሁሉም ‹አይ እናቴ› ብሎ ወደሚቀጥለው ይሸኘኛል። እናንተስ ወዴት ትሸኙኛላችሁ?»

ጠብታ መልስ ከመስጠቷ በፊት አሰበች። ለዓይነ ሥውር ብላ የሠራችው ነገር አልነበረም። ግን የእግር ኮቴው አስፋልት ላይ አንድ፣ ጠጠር ላይ ሌላ ነው። የውሃውን መጠን ዘበኛው ይጣራል። ቆፋሪዎቹ፣ ባለሱቆቹ፣ ቧንቧው... ሁሉም ድምፅ ነው።

«የትም አንሸኝሽም» አለች። «ተቀመጪ።»

ጣቶቿን አዝራሮቹ ላይ አስቀመጠችላት፤ እነዚህ መራመጃ፣ ይህ ዘንግ ማስቀመጫ፣ ይህ «ቆፍሩ»። ስልከኛዋ ማዳመጫውን አደረገች። ጠብታ ደግሞ ሌላው እንዲሰማ ድምፁን በትንሽ ድምፅ ማጉያ አወጣችው።

ስልከኛዋ የጌሙን የመጀመሪያ ሰፈር በአራት ደቂቃ ጨረሰች። ሁለተኛውን በሦስት። ከሚያልፉት ሰዎች አንዳንዱ ቆመ። ሦስተኛው ሰፈር ጠብታን ራሷን አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅባት ነው፤ ስልከኛዋ በስድስት ደቂቃ ከጨረሰች በኋላ «ይሄማ የሌሊት ተረኛ ሐኪም እንደማግኘት ነው፤ ዝም ብሎ ሲያንኮራፋ ትሰሚዋለሽ» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ሠዓሊው አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። ሰዉ በዛ።

መጨረሻ የሆስፒታሉ ሰፈር መጣ። ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። ስልከኛዋ ዘንጉን አስቀመጠች፣ ሰማች፣ «ቆፍሩ» አለች። በዚያው ቅጽበት የጎረቤቱ ታንክ ተኮሰ። ጉድጓዱ ደረቅ። ሁለተኛ ሞከረች፤ ታንኩ ደገመ፤ ደረቅ። ዘበኛው «ሩብ ቀረ!» ሲል ተጣራ። አንድ ጉድጓድ ብቻ ቀራት።

ማዳመጫውን አወለቀች። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እንዳልምል ድሮም አድርጎታል» አለች። «ግን ያ ታንክ ባይኖር አገኘው ነበር።»

ሰዉ ሳቀ፤ ወዲያው ግን አንድ ጎብኚ ከመሐል ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ምን እንዳለ አልተሰማም። የወታደር ልብስ የለበሰው አስተናጋጅ ግን አንገቱን አስግጎ አየና፣ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። ቀጥሎ ጨርሶ አጠፋው። ከዚያ የፕላስቲክ ጠመንጃውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ መጥቶ ከሰዉ ኋላ በእግሩ ጣት ቆመ። ጸጥታው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተዛመተ። የጋሼ ባለጠመንጃ ጌም ፊት የተሰለፉትም ዘወር አሉ።

ስልከኛዋ ማዳመጫውን መለሰች። ተራመደች፤ ጠጠር፣ አስፋልት፣ ጠጠር። የሆስፒታሉ በር ላይ ፉጨቱ ጮኸ።

«እዚያ ነው! እዚያው!» አለ አንዱ። «አይደለም፣ ወደ ግራ!» አለ ሌላው።

የጠብታ አባት ከወንበሩ ተነሣ። «ዝም በሉ!» አለ። «አዳማጭ አይመከርም!»

ዝም አሉ። ስልከኛዋ ከፉጨቱ ራቀች። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። ዳገቱን ወጣች፤ ዘንጉን አስቀመጠች፤ አነሣች፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ አስቀመጠች። የሻከረችው፣ ጨርቅ የምትቀድደው ድምፅ መጣች፤ ከክር የቀጠነች። ከኋላዋ ስምንቱ ቆፋሪዎች ዝም አሉ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አለች ስልከኛዋ ለራሷ። «ግን እዚህ ነው።»

አዝራሩን ተጫነች። ዶማ። ዶማ። አካፋ። «ጋኑ ባዶ ሊሆን ነው!» አለ ዘበኛው። ዶማ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ የዶማ ድምፅ ያዳምጣል። ከዚያ ጭቃ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ውሃው ፈነዳ፤ መንደሩ ጮኸ፤ አዳራሹ ከመንደሩ በላይ ጮኸ። ወታደሩ ጠመንጃውን ጥሎ አጨበጨበ። ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቀፉ። የጠብታ አባት የማያውቀውን ሰው ትከሻ እየደበደበ «አላልኩም? አላልኩም?» ይላል፤ ምንም ያለው ነገር የለም። ጠብታ እያለቀሰች ትስቃለች።

ስልከኛዋ ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣች። «ሳጥኑ የት ነው?» አለች። «ዛሬ ሌላ ጠረጴዛ አልጠይቅም።»

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር ዘግቶ፣ ሌላ ነገር ሊያደርጉ የመጡ ሰዎችን አስቆጣ። ጋሼ ማንም ሳያዝዘው ባለጠመንጃውን ከትልቁ ስክሪን ላይ ነቀለና በገዛ እጁ የጠብታን ጌም ሰካበት። ሰልፉ ሲሳሳ ራሱ ተቀመጠና ሦስት ደረቅ ጉድጓድ በተከታታይ አስቆፈረ። ሲነሣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር።

«ሃያ ዓመት የሰው ፊት አይቻለሁ» አላት። «የዛሬውን ዓይነት ፊት ግን አላየሁም። ተሸነፍኩልሽ።» እጁን ዘረጋ፤ ጠብታ እጁን ትታ አቀፈችው።

ማምሻውን ሳጥኖቹ ተከፈቱ። ከአንድ መቶ አርባ ሦስቱ አንደኛ የወጣው ጌም ስም ሲነበብ ሠዓሊው እየዘለለ የጎረቤትን የካርቶን ታንክ ደረመሰ፤ ወታደሩም «ግድ የለም፣ እኔም ካርዴን የጣልኩት እናንተ ጋ ነው» አለው። ጌሙ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ከፊተኞቹ ሦስት ድምር የበለጠ ሰው ተጫወተው። የታክሲ ሹፌሩ ለተሳፋሪ ሁሉ እያወራ ግማሹን ሰፈር አስለከፈ። ከማያውቋቸው ከተሞች ደብዳቤ መጣ፤ አንዲት እናት ከልጇ ጋር በአንድ ነገር ላይ አብረው ሲጮኹ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ጻፈች።

ስልከኛዋ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ከዳቦ ቤቱ በላይ መሥራት ጀመረች፤ የሚቀጥለውን ጌም ድምፅ የምትፈትሸው እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን በትሯን ጥግ አስደግፋ፣ ማዳመጫውን አድርጋ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ሰማች። ሁሉም ምን ትል ይሆን ብለው ዙሪያዋን ቆመዋል።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው በር ሲከፈት በግራ፣ ሲዘጋ በቀኝ ይሰማል። ማነው የሠራው?»

ጠብታ እጇን አወጣች፤ ስልከኛዋ እንደማታያት ትዝ ሲላት ሳቀች። «እኔ ነኝ» አለች፣ ወንበሯንም ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች።